ምዕራፍ ሰባት፤ ስለ ፔዳል ክንድ ርዝመትና ስለ ወጣ ገባ መንገድ

ብስክሌት ለመግዛት የሚወጣ ሰው የጎማውን ስፋት፣ የፍሬኑን ዐይነት፣ የባትሪውን ጉልበትና የሞተሩን ስም አጥብቆ ሲመረምር ይውልና፣ እግሩን ከብረቱ ጋር የሚያገናኘው፣ ድካሙንም ደኅንነቱንም በየዙሩ የሚወስነው የፔዳል ክንድ ስንት ሚሊ ሜትር እንደ ሆነ ሳይጠይቅ ገንዘቡን ከፍሎ ይሄዳል። የፔዳል ክንድ የምንለው ከብስክሌቱ ሆድ ሥር ከሚያልፈው መካከለኛ ዘንግ ተነሥተው እስከ ፔዳሉ የሚደርሱትን፣ በቀኝና በግራ ሆነው የሚዞሩትን ሁለት የብረት ክንዶች ነው፤ ርዝመቱም ከዘንጉ እምብርት እስከ ፔዳሉ ዘንግ እምብርት ይለካል፤ ሠሪውም ልኩን ብዙውን ጊዜ በክንዱ ውስጠኛ ገጽ፣ ከፔዳሉ ቀዳዳ አጠገብ፣ በጥቃቅን ቁጥር ቀርጾ ያስቀምጠዋል። 175፣ 170፣ 165፣ 160 የሚሉት ቁጥሮች ሲታዩ ከላይኛው እስከ ታችኛው ያለው ልዩነት ከአንዲት ጣት ወርድ የማይበልጥ በመሆኑ ነገሩ ከቁም ነገር የሚገባ አይመስልም፤ ነገር ግን በድንጋያማ ዐቀበት ላይ ፔዳሉ ድንጋዩን ስቶ እንዲያልፍ ወይም ተጋጭቶ ነጂውን እንዲጥል የሚያደርገው ልክ ራሱ ብዙ ጊዜ ከአንዲት ጣት ወርድ አይበልጥም።

በዚህ ምዕራፍ የምናስረዳው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም በኤሌክትሪክ ሞተር የሚታገዝ የተራራ ብስክሌት በወጣ ገባ መንገድ ላይ ሲነዳ፣ ረጅም ክንድ የተፈለገበትን ሥራ ሞተሩ ስለ ተረከበው፣ ለእግርም ለመንገድም የሚስማማው አጠር ያለው ክንድ መሆኑን፣ ልኩም ከልማድ ሳይሆን ከሚነዱበት መሬትና ከነጂው እግር ሊወሰድ እንደሚገባው ነው።

አገሩና መንገዱ

ምሳሌያችንን ከምዕራብ ጎጃም፣ ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ ዙሪያ እንወስዳለን፤ ምክንያቱም ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው አስፋልት ደምበጫን፣ ፍኖተ ሰላምንና ቡሬን እያገናኘ ቢያልፍም፣ ከዚያ አስፋልት ጥቂት ፈቀቅ ያለ ሰው የሚያገኘው መንገድ እግረኛና የጭነት ከብት ያወጡት፣ በሌላው ዓለም ያሉ የተራራ ብስክሌት ወዳጆች ከሩቅ ተጕዘው የሚፈልጉትን ፈተና ሁሉ በተፈጥሮው የያዘ መንገድ ነውና። ፍኖተ ሰላም ከባሕር ወለል 1,900 ሜትር ገደማ፣ ቡሬ ደግሞ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍ ብለው የተቀመጡ ሲሆን፣ ምድራቸው በጥንት ዘመን ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰ ጥቁር ድንጋይ በቀይ አፈር የተሸፈነበት ነው፤ የክረምቱ ዝናም ከሰኔ እስከ መስከረም ሲወርድ አፈሩን ከመንገዱ እየጠረገ ወደ ላህ፣ ወደ ብርና ወደ ፈጣም ወንዞች ስለሚያወርደው፣ ድንጋዩ ገሚሱ ተቀብሮ ገሚሱ ራሱን አውጥቶ ይቀራል።

በዚህ አገር መንገድ ላይ ፔዳልን የሚያሰናክሉ ነገሮች አራት ናቸው። ፊተኛው ከላይ የተናገርነው ሥሩን በመሬት የተከለ ድንጋይ ነው፤ ይህ ድንጋይ ጎማ ቢረግጠው የማይናወጥ፣ ፔዳል ቢመታው የማይለቅ ስለ ሆነ፣ የግጭቱ ኀይል ሁሉ ወደ ብስክሌቱና ወደ ነጂው ይመለሳል። ሁለተኛው ሰውና ከብት ለዘመናት ሲረግጡት፣ ጎርፍም ሲያጥበው ከግራና ከቀኙ እርሻ ዝቅ ብሎ ቦይ የሆነ ቀጭን መንገድ ነው፤ በእንዲህ ያለው መንገድ ጎማው በሰርጡ ወለል ሲሄድ ፔዳሉ የሰርጡን ግድግዳ ይመታል። ሦስተኛው ገበሬው አፈሩ በጎርፍ እንዳይወሰድበት በተዳፋቱ አግድም የሠራው የድንጋይ እርከን ነው፤ መንገዱ እርከኑን በሚያቋርጥበት ስፍራ ብስክሌቱ እንደ ደረጃ መውጣትና መውረድ ግድ ይሆንበታል። አራተኛው ደግሞ በባሕር ዛፉ ጥግ ከአፈሩ በላይ የሚጋደመው ሥርና በወንዙ መሻገሪያ የተደረደረው ድንጋይ ነው። እነዚህ አራቱ መልካቸው ይለያይ እንጂ ጠባያቸው አንድ ነው፤ ሁሉም የሚያጠቁት ፔዳሉ ከክበቡ ታችኛው ነጥብ በደረሰባት ቅጽበት ነው፤ ያች ነጥብ ምን ያህል ዝቅ እንደምትል የሚወስነው ደግሞ የክንዱ ርዝመት ነው።

ረጅሙ ክንድ ከወዴት መጣ

ረጅም ክንድ በብስክሌት ላይ ሥር የሰደደው ያለ ምክንያት አይደለም። ኀይል ከዘንግ በራቀ ቁጥር የማዞር ጉልበቱ የሚጨምር መሆኑ የታወቀ ሕግ ነውና፣ አንድ ሰው 500 ኒውተን በሚሆን ኀይል፣ ማለት 50 ኪሎ ግራም ገደማ በሚመዝን ጭነት ልክ ፔዳሉን ቢረግጥ፣ በ175 ሚሊ ሜትር ክንድ 87.5 ኒውተን ሜትር፣ በ160 ሚሊ ሜትር ክንድ ደግሞ 80 ኒውተን ሜትር የማዞር ጉልበት ያገኛል። ማርሹ ጥቂት በሆነበት በቀድሞው ዘመን፣ ነጂውም ከራሱ እግር በቀር ሌላ ረዳት በሌለው ጊዜ፣ ይህች ልዩነት በዐቀበት ላይ የምትናቅ አልነበረችም፤ ስለዚህ 170፣ 172.5 እና 175 የተባሉት ልኮች ለመካከለኛና ለረጅም ሰው ሥርዐት ሆነው ቀሩ፤ የተራራ ብስክሌት በተፈጠረ ጊዜም ሠሪዎች 175ን ያለ ብዙ ምርመራ ተቀበሉት።

የአገራችንም የብስክሌት ታሪክ የጀመረው ይኸው ልማድ በሰፈነበት በጥርጊያና በአስፋልት መንገድ ነው። ኢትዮጵያ በኦሎምፒክ መጀመሪያ በተካፈለችበት በ1956 እ.ኤ.አ. በሜልቦርን እነ ገረመው ደንቦባ በብስክሌት ውድድር አገራቸውን ወክለው ቀርበዋል፤ ከ60 ዓመት በኋላም በ2016 እ.ኤ.አ. ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። የእነዚህ ጀግኖች ሜዳ ግን ለስላሳ መንገድ ስለ ነበረ፣ የፔዳሉ ዝቅታ ከመጠምዘዣ በቀር የሚያሳስባቸው ነገር አልነበረም፤ ከእነርሱ ዘመንና ሜዳ የተወረሰውን ልክ ወደ ፈጣም ወንዝ በሚያወርድ ድንጋያማ መንገድ ላይ እንዳለ መጫን ግን ተገቢ አይደለም።

ይህ ልማድ ለስላሳ በሆነው መንገድ እንኳ የሚታመንበትን ያህል ማስረጃ እንደሌለው ሊቃውንት መርምረው አሳይተዋል። በ2001 እ.ኤ.አ. ጄምስ ማርቲንና ዋኒን ስፒርዱሶ 16 የሠለጠኑ ብስክሌተኞችን በ120፣ በ145፣ በ170፣ በ195 እና በ220 ሚሊ ሜትር ክንዶች አስነድተው ከፍተኛ ጉልበታቸውን ሲለኩ፣ ከሁሉ በሚበልጠውና ከሁሉ በሚያንሰው መካከል ያገኙት ልዩነት 4 በመቶ ያህል ብቻ ነበር፤ ብልጫውም የተገኘው በ145 እና በ170 ነው። አንባቢ ይህን በአንክሮ ያስተውል፤ የክንዱ ርዝመት ከ120 ወደ 220፣ ማለት እጥፍ ሊሆን ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ሲለወጥ፣ የሰው እግር የሚያወጣው ከፍተኛ ጉልበት ከሞላ ጐደል ሳይለወጥ ቀረ። በ2010 እ.ኤ.አ. ደግሞ ማክደርሚድና ኤድዋርድስ በሠለጠኑ ሴት የተራራ ብስክሌት ተወዳዳሪዎች ላይ ባደረጉት ምርመራ፣ ባለ 170 ሚሊ ሜትሩ ክንድ ከባለ 175ቱ ይልቅ ፈጥኖ ወደ ከፍተኛ ጉልበት እንደሚያደርስ አመለከቱ። ታላላቅ ተወዳዳሪዎችም ከዚህ ዕውቀት እየተማሩ መጥተዋል፤ በ2024 እ.ኤ.አ. የጣሊያኑን ጂሮና የፈረንሳዩን ቱር በአንድ ዓመት ያሸነፈው ስሎቬንያዊው ታዴይ ፖጋቻር የነዳው በ165 ሚሊ ሜትር ክንድ ነው።

የነገሩ ምሥጢር እግር የሚያወጣው ጉልበት ማለት ከላይ ያሰላነው የማዞር ጉልበትና የመዞር ፍጥነት ሲባዙ የሚወጣው ውጤት በመሆኑ ነው። በ175 ሚሊ ሜትር ክንድ እግር በአንድ ዙር 1,100 ሚሊ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ በ160 ግን 1,005 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። እንግዲህ በደቂቃ 80 ጊዜ ረጅሙን ክንድ ያዞር የነበረ እግር የራሱን የጡንቻ ፍጥነት ሳይለውጥ አጭሩን ክንድ 87 ወይም 88 ጊዜ ያዞረዋል፤ በየርግጫው የጐደለው በርግጫው ብዛት ይካሳል ማለት ነው። በጎማው ላይ የሚደርሰውን የመግፋት ኀይል እንደ ቀድሞው ማድረግ የሚሻም የፊተኛውን ማርሽ ከ34 ጥርስ ወደ 31 ወይም ወደ 32 ጥርስ ቢያወርደው ሒሳቡ ይቃናል። የጎጃም መንገደኛ ይህን ጠባይ ከበቅሎው ያውቀዋል፤ በቅሎ በሜዳ ስትሰግር እርምጃዋን ብትዘረጋም፣ ከድንጋያማ ቁልቁለት ስትደርስ እርምጃዋን አሳጥራ፣ ቶሎ ቶሎ እየረገጠች፣ ኮቴዋን ከምታስቀምጥበት ስፍራ ሳታስት ጌታዋን በሰላም ታሻግረዋለች፤ አጭር ክንድ ለነጂው የሚሰጠውም ይህንኑ ነው።

ሞተሩ የለወጠው ነገር

በፔዳል ርግጫ ልክ የሚያግዝ ሞተር ያለው ብስክሌት ለገበያ የወጣው በ1993 እ.ኤ.አ. ከጃፓኑ ያማሃ ኩባንያ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሌሎች ሠሪዎች ተጨምረው፣ ዛሬ የቦሽና የሺማኖ የተራራ ብስክሌት ሞተሮች 85 ኒውተን ሜትር የሚያህል የማዞር ጉልበት ከነጂው እግር ጋር ያስተባብራሉ። የአውሮፓ ሕግ እንዲህ ያለውን ብስክሌት እንደ ተራ ብስክሌት የሚቈጥረው የሞተሩ የዘወትር ጉልበት ከ250 ዋት፣ የሚያግዝበትም ፍጥነት በሰዓት ከ25 ኪሎ ሜትር ያልበለጠ እንደ ሆነ ነው። በዘንጉ ውስጥ ያለው መለኪያ እግሩ የሚያደርገውን ግፊት ይሰማል፤ ሞተሩም ግፊቱ ሲበረታ ይበረታል፣ ሲላላ ይላላል፣ እግሩ ሲቆም ወዲያው ወይም ከቅጽበት በኋላ ይቆማል።

ከዚህ አሠራር ሁለት ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛው፣ ረጅሙ ክንድ ይጨምረው የነበረው 7.5 ኒውተን ሜትር 85 ኒውተን ሜትር በሚጨምር ረዳት ፊት ዋጋው እጅግ የሚያንስ መሆኑ ነው። ይህም በደጋ አገር ይበልጥ እውነት ይሆናል፤ በቡሬ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው 78 በመቶ ገደማ ብቻ ስለ ሆነ፣ የሰው ሳንባ ኦክስጅን እያነሰው የዘወትር ጉልበቱ ሲቀንስ፣ አየር የማይተነፍሰው የኤሌክትሪክ ሞተር ግን ከዐቀበቱ ግርጌ እስከ ራሱ አንድ ዐይነት ጉልበት ይሰጣል።

ሁለተኛው ከፊተኛው የሚበልጥ ነው። ሞተር የሌለው ብስክሌት ነጂ ከድንጋይ ሲደርስ ፔዳሉን አግድም አድርጎ፣ እግሩን አቁሞ፣ በፍጥነቱ ብቻ ያልፋል፤ ወይም ግማሽ ዙር ወደ ኋላ መልሶ ግማሽ ዙር ወደ ፊት ይረግጣል። የሞተሩ ነጂ ግን ከ20 እስከ 25 ኪሎ ግራም በሚመዝን ብስክሌት ላይ ተቀምጦ ቀጥ ባለ ዐቀበት እየወጣ ሳለ እግሩን ቢያቆም፣ እርዳታው በሚያስፈልገው ቅጽበት ሞተሩ ይለየዋል፤ ክብደቱም ወደ ኋላ ይስበዋል። ስለዚህ ድንጋዩ ከፊቱ እያለ፣ ከሥሩም እያለ፣ ሳያቋርጥ መርገጥ አለበት፤ ሳያቋርጥ የሚዞር ፔዳል ደግሞ ከድንጋዩ ጋር የሚገናኝበትን ጊዜ መምረጥ አይችልም። በዚህም ላይ ሞተሩ ነጂውን ቀድሞ በእግሩ ገፍቶ ይወጣው ወደ ነበረ ዐቀበት በፍጥነት ስለሚያስገባው፣ የድንጋዩ ብዛትም የግጭቱ ኀይልም ይጨምራል። ፔዳሉ በሞተር ጉልበት ድንጋይ ሲመታ የፔዳሉ ዘንግ ይጣመማል፣ የክንዱ መያዣ ጥርስ ይላላል፤ ከሁሉም የሚከፋው ነጂው ሚዛኑን አጥቶ ወደ ገደሉ ወገን መውደቁ ነው።

የአንዲት ጣት ስሌት

አሁን ነገሩን በቁጥር እንመልከተው። የመካከለኛው ዘንጉ ከመሬት 345 ሚሊ ሜትር ከፍ ያለ፣ ከፊትና ከኋላ አሞርዛተር ያለው ብስክሌት አለን እንበል። ነጂው ሲቀመጥበት አሞርዛተሩ ተጨምቆ ዘንጉ 40 ሚሊ ሜትር ያህል ዝቅ ስለሚል ከፍታው 305 ይሆናል። ክንዱ 175 ከሆነ ፔዳሉ ከታች ሲደርስ እምብርቱ ከመሬት 130 ሚሊ ሜትር ይቀረዋል፤ የፔዳሉ ግማሽ ውፍረት 9 ሚሊ ሜትር ሲቀነስ 121 ይተርፋል። ክንዱ 160 ከሆነ ግን የሚተርፈው 136 ነው። እንግዲህ ከመሬት 13 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ ድንጋይ የመጀመሪያውን ብስክሌት ሲመታ ሁለተኛውን ሳይነካ ያሳልፈዋል።

ከዚህ ከፍ ላለው ድንጋይስ? 15 ሳንቲ ሜትር የሆነ ድንጋይ ሁለቱንም ሊመታ ይችላል፤ ነገር ግን መምታት አለመምታቱ የሚወሰነው ፔዳሉ በዚያች ቅጽበት በክበቡ በየትኛው ስፍራ ላይ እንዳለ ነው። ስሌቱ ሲሠራ፣ ባለ 175ቱ ክንድ ፔዳል በታችኛው ነጥብ ግራና ቀኝ በ67 ዲግሪ ስፋት ውስጥ ሳለ ከዚያ ድንጋይ ራስ በታች ይሆናል፤ ፔዳሎቹ ሁለት ስለ ሆኑ ከሙሉው ዙር 37 በመቶው አደገኛ ነው ማለት ነው። በባለ 160ው ግን ስፋቱ 48 ዲግሪ፣ አደገኛው የዙሩ ክፍል 27 በመቶ ነው። ከመቶ 10 የሚሆን የዙር ክፍል ከአደጋ ወጣ፤ ይህንም ያስገኘው የ15 ሚሊ ሜትር ቅነሳ ብቻ ነው። ረጅም ክንድ የሚወድ ሰው ይህን ስሌት ካየ በኋላ በድንጋያማ መንገድ ላይ የሚያተርፈውን ከሚከስረው ጋር ራሱ ሊመዝነው ይችላል።

ልክን ከመሬት መውሰድ

ከላይ ያሉት ቁጥሮች ምሳሌዎች ናቸው፤ የእያንዳንዱ ሰው ብስክሌትና የእያንዳንዱ ሰው መንገድ የተለየ ስለ ሆነ ትክክለኛው ልክ የሚገኘው በመለካት ነው፤ መለኪያውም ከማንኛውም የጎጃም ቤት የማይጠፋው ዱላ ነው። አስቀድሞ ነጂው ጓዙን ይዞ በብስክሌቱ ላይ ይቀመጥ፤ ሌላ ሰው ደግሞ ፔዳሉን ወደ ታች አድርጎ ከፔዳሉ ሥር እስከ መሬት ያለውን ከፍታ ይለካ። ያንን ከፍታ ከዱላው ጫፍ ጀምሮ ለክቶ በቢላዋ አንድ ምልክት ይቅረጽ፤ ከእርሱ በላይም በ10፣ በ15 እና በ20 ሚሊ ሜትር ርቀት ሌሎች ሦስት ምልክቶች ያድርግ። ከዚያም ዘወትር በሚነዳበት ዐቀበት በእግሩ እየወጣ፣ ፔዳሉ በሚያልፍበት መሥመር ያሉትን ድንጋዮች ሁሉ በዱላው እየለካ፣ በየምልክቶቹ መካከል ስንት ድንጋይ እንደሚውል ይቍጠር። በመጀመሪያውና በሁለተኛው ምልክት መካከል የዋሉት ድንጋዮች 10 ሚሊ ሜትር አጠር ያለ ክንድ ፈጽሞ የሚያስመልጣቸው ናቸው፤ እስከ ሦስተኛው ያሉት 15፣ እስከ አራተኛው ያሉት 20 ሚሊ ሜትር ማሳጠር የሚያስመልጣቸው ናቸው። ድንጋዮቹ በብዛት በአንዱ ክፍል ከተሰበሰቡ ልኩ ተገኘ ማለት ነው፤ ሁሉም ከላይኛው ምልክት በላይ ከሆኑ ግን ችግሩ በክንድ ማሳጠር ብቻ የሚፈታ ስላልሆነ፣ ነጂው ሌላ መሥመር ይምረጥ ወይም በዚያ ስፍራ ወርዶ ይግፋ።

ይህን ከማድረጉ አስቀድሞ ግን ያለ ገንዘብ የሚገኘውን ከፍታ ማግኘት ይገባዋል። የኋላው አሞርዛተር አየር ከልኩ አንሶ ከሆነ ብስክሌቱ ከሚገባው በላይ ሲሰምጥ ዘንጉን 10 ሚሊ ሜትርና ከዚያም በላይ ሊያወርደው ይችላል፤ አየሩን በልኩ መሙላት ብቻ አዲስ ክንድ የመግዛትን ያህል ትርፍ ይሰጣል።

ልክን ከእግር መውሰድ

መሬቱ አጭሩን ሲጠይቅ እግርም የራሱን ድርሻ ይናገራል። ክንዱ በ15 ሚሊ ሜትር ሲያጥር፣ እግር ከታች እንደ ቀድሞው እንዲዘረጋ ኮርቻው በ15 ሚሊ ሜትር ከፍ ይላል፤ ስለዚህ ፔዳሉ ከላይ ሲደርስ ከኮርቻው በ30 ሚሊ ሜትር ይርቃል፤ ጉልበትና ዳሌ የሚታጠፉበት መጠንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ይህ ለሁሉ የሚጠቅም ቢሆንም፣ ቁመቱ አጠር ላለ ሰው፣ ለወጣቶችና ለብዙ ሴቶች እጅግ አስፈላጊ ነው፤ ለረጅም ሰው የተሠራ ክንድ አጭሩን ሰው በየዙሩ ጉልበቱን እስከ ደረቱ እንዲያነሣ ስለሚያስገድደው፣ በረጅም ዐቀበት ላይ የሚያደክመው ዐቀበቱ ብቻ ሳይሆን ክንዱም ነው።

እንግዲህ ምክራችንን በአጭሩ ስናስቀምጠው፣ ቁመቱ ከ160 ሳንቲ ሜትር በታች የሆነ ነጂ 150 ወይም 155፣ ከ160 እስከ 175 የሆነ 155 ወይም 160፣ ከዚያ በላይ እስከ 185 የሆነ 160 ወይም 165፣ ከ185 የሚበልጥም 165 ወይም 170 ይምረጥ። ከሁለቱ ልኮች አንዱን ለመወሰን ዱላው ይጠየቅ፤ መንገዱ ድንጋይ ከበዛበት አጭሩን፣ ሰፊና ጥርጊያ ከሆነ ረጅሙን ይውሰድ።

ስለ ጉድለቱና ስለ ጥንቃቄው

ማንኛውም ጥቅም ዋጋ አለውና የአጭሩን ክንድ ዋጋ መሸሸግ አይገባም። በቁልቁለት ፔዳሎቹ አግድም ሲቆሙ በሁለቱ እግሮች መካከል ያለው ርቀት ከ350 ወደ 320 ሚሊ ሜትር ስለሚጠብ፣ የለመደው ሰው በመጀመሪያ የሚቆምበት መሠረት ያነሰ ይመስለዋል፤ ይህ ግን ሰውነት ቶሎ የሚለምደው ነው። ከቆመበት በከባድ ማርሽ ለመነሣትም አጭሩ ክንድ ይበልጥ ይከብዳል፤ ስለዚህ ነጂው ከዐቀበት ሥር ሳይደርስ ማርሹን የማቅለል ልማድ ሊኖረው ይገባል።

ዋናው ዋጋ የሚከፈለው ባትሪው ሲያልቅ ነው። ነጂውና ብስክሌቱ ከነጓዛቸው 100 ኪሎ ግራም ቢመዝኑ፣ ይህን ክብደት 1,000 ሜትር ወደ ላይ ማንሣት፣ በመንገድ የሚባክነው ሁሉ ሳይቈጠር፣ 273 ዋት ሰዓት ይጠይቃል። ከቡሬ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ እስከ ዐባይ ሸለቆ የወረደ ሰው ለመመለስ ከ1,000 ሜትር የሚበልጥ ዐቀበት ይጠብቀዋል፤ ከዚህ ላይ የጎማና የነፋስ መከልከል፣ የሞተሩም ሙቀት ሆኖ የሚጠፋው ሲታሰብ፣ 625 ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ በወጣ ገባ መንገድ ፈጥኖ እንደሚጐድል ግልጽ ነው። መብራት በደረሰበት ከተማ ባትሪን መሙላት ቀላል ነው፤ በገጠር መንገድ መካከል ያለ ነጂ ግን ባትሪው ካለቀ የሚተማመነው በእግሩና በማርሹ ነው። ስለዚህ ክንዱን ያሳጠረ ሰው የፊተኛውን ማርሽ ደግሞ በዚያው መጠን በጥርስ ይቀንስ፤ ይህን ያደረገ ሰው ሞተሩ ቢለየው እንኳ የሚጐድልበት የመግፋት ኀይል የለም፤ ይህን ያላደረገ ግን 8 ወይም 9 በመቶ ያህል ይጐድልበታል።

ክንዱን ለመለወጥ የሚነሣ ሰው ሌሎች ሦስት ነገሮችን ይወቅ። ክንዱ በሞተሩ ዘንግ ላይ የሚገባበት የጥርስ ዐይነት ከሞተር ሞተር ይለያያል፤ ቦሽ አይሲስ የተባለውን ሲይዝ ሺማኖ ግን የራሱን ይጠቀማልና፣ ርዝመቱ ትክክል ቢሆንም ጥርሱ ካልገጠመ ገንዘቡ ከንቱ ይቀራል። የግራው ፔዳል የሚፈታውና የሚጠብቀው ከቀኙ በተቃራኒ ስለ ሆነ፣ ይህን ሳያስተውል ቁልፍ የያዘ ሰው የአዲሱን ክንድ ጥርስ ሊበላው ይችላል። ሁለቱ ክንዶች ምንጊዜም እኩል መሆን አለባቸው፤ የተሰበረውን አንዱን ብቻ በሌላ ልክ መተካት ጉልበትንና ወገብን ይጎዳል።

ከዚህ ሁሉ ጋር ነጂው መንገዱ የእርሱ ብቻ እንዳይደለ ያስብ። በገበያ ቀን በቆሎና በርበሬ የጫነ አህያ የሚያልፍበት፣ ሕፃናት ወደ ትምህርት ቤት፣ እናቶች ከወንዝ ውሃ ይዘው የሚመላለሱበት መንገድ ነውና፣ አጭሩ ክንድና ሞተሩ የሰጡትን ፍጥነት በሰው ፊት ያብርድ፤ የገበሬውን እርከን አፍርሶ መሻገሪያ አያድርግ፤ ዝናም በወረደ ማግሥት ለስላሳውን አፈር በጎማው አርሶ ለጎርፍ አሳልፎ አይስጥ።

ለሚገዛና ለሚያስመጣ

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ ነጋዴው ዐይኑን ወደ ኤሌክትሪክ መመለሱ አይቀርምና፣ ባለ ሁለት እግሩንም ዕቃ የሚያስመጣ ሰው ከዛሬ ጀምሮ ሊጠይቀው የሚገባ ጥያቄ ይህ ነው፤ ብስክሌቱ የሚመጣው በስንት ሚሊ ሜትር ክንድ ነው? ሠሪዎች 165፣ 160፣ 155 የሆኑትን ክንዶች አሁን በገበያ አውጥተዋልና፣ ጥያቄው አስቀድሞ ከተጠየቀ ብስክሌቱ ከፋብሪካው ትክክለኛ ክንድ ይዞ ይወጣል፤ ሳይጠየቅ ከቀረ ግን ለሌላ አገር ሜዳና ለሌላ ሰው ቁመት የታሰበው ልክ እስከ ፍኖተ ሰላም ተጭኖ ይመጣና፣ ገዢው አንድ ጊዜ ለብስክሌቱ፣ ሁለተኛ ጊዜ ለክንዱ ይከፍላል። የአገራችን መሬት ድንጋዩንም ዐቀበቱንም ሳይሸሽግ አሳይቶናል፤ የሰውም እግር ርዝመቱን አይሸሽግም፤ እነዚህን ሁለቱን ለክቶ ሳይጨርስ ማንም ብስክሌት አይግዛ፤ ማንም ነጋዴም አያስመጣ።